አሥራ ሦስተኛዋ ተጠቃሚ

1.

አምስት።

አምስት።

አምስት።

አሥራ ሁለት በሽተኛ፣ አሥራ ሁለቱም ከአምስት አምስት ሰጥተዋል።

2.

ሌላ ሰው ቢሆን ፈርሞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ትርሲት ግን ጠርጣራ ናት፤ እንጀራዋም መጠርጠር ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ የተተከለው አዲሱ የወረፋ መስጫ ስክሪን ለሰው ይመቻል ወይስ አይመችም ብላ የምትመሰክረው እሷ ናት።

3.

ከቅጾቹ፦

የወሰደው ጊዜ፣ በአማካይ፦ 19 ሰከንድ
የተሳሳተ፦ የለም
የተቸገረ፦ የለም
የሰው እርዳታ ያገኘ፦ አልተሞላም

(የስክሪኑ ፊደል የጤፍ ፍሬ ያክላል። መነጽሩን ቤት የረሳ ሰው እንኳ አልተቸገረም። እስቲ ይታያችሁ።)

4.

ስክሪኑን ለሠራው ለአቤኔዘር ደወለች።

ትርሲት፦ ቁጥሮቹን ነካክተሃቸዋል?
አቤኔዘር፦ እኔ? ኧረ በመድኃኔ ዓለም።
ትርሲት፦ ታዲያ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በ19 ሰከንድ እንዴት አድርጎ ጨረሰ?
አቤኔዘር፦ ዲዛይኑ ጥሩ ስለሆነ ነዋ።

አላመነችውም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች።

5.

እናንተም ከትርሲት ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስክሪኑን ተዉትና የሚነካውን እጅ እዩ።

አንድ ሽማግሌ ይገባሉ። ስክሪኑን ያያሉ፤ ቀጥሎ ዘበኛውን ያያሉ።

«ታፈሰ፣ በሞቴ፣ ንካልኝ።»

ጋሽ ታፈሰ ቀልጠፍ ብሎ ይነካላቸዋል። ሽማግሌው መርቀውት ሲያበቁ ቅጹን ተቀብለው አምስትን ያከብባሉ። ሰው ውለታ በላ እንዳይላቸው።

አሥራ ሁለት ሰው አልተፈተነም።

አንድ ጣት ነው የተፈተነው።

6.

ትርሲት መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ የቅጹን የመጨረሻ መስመር አስታወሰች። ለጋሽ ታፈሰ አሳየችው፦ «ውጤቱ ከአራት በላይ ከሆነ በሩ ላይ ሰው አያስፈልግም።»

ሁለቴ አነበበው።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሰው ቸግሮት ፊቴ ቆሞ ምን ላድርግ ኖሯል?»

«ይስሙኝ። የታገዘ ሰው ተቸገረ ብዬ እንድጽፍ አይፈቀድልኝም። ግን አንድ ሰው ብቻውን ዘጠና ሰከንድ ሞክሮ ሲያቅተው በዓይኔ ካየሁ ስክሪኑ ወደቀ። ዛሬ ደግሞ የሙከራው የመጨረሻ ቀን ነው። እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።»

«አንድ ሰው ብቻ?»

«አንድ ሰው ብቻ።»

ከተተ።

7.

የገባችው ነፍሰ ጡር ናት። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

10 ሰከንድ። ስክሪኑን ታያለች።

19 ሰከንድ። ነካች። ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሳት።

45 ሰከንድ። እንደገና መለሳት። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ።

ትርሲት እስክሪብቶዋን አነሳች። ትንሽ ቀርቷታል።

60 ሰከንድ።

«ጋሼ፣ እባክህ» አለች ሴትየዋ። «መቆም አቃተኝ።»

ጋሽ ታፈሰ ትርሲትን አያት።

8.

ቅጽ ቁጥር 13

ተጠቃሚዋ የሰው እርዳታ አግኝታለች?

☐ አዎ

☐ አይ