«ዳ» ስትጠብቅ

ቢያድግልኝ እንድሪስ ከርከሮ ሊያድን የወጣ እንደሆነ ከቦርከና ወንዝ ሸምበቆ ውስጥ ግማሽ ቀን ሳያስነጥስ ይቀመጣል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተራው እስኪደርስ መቀመጥ ግን አይሆንለትም። እግሩን ይዘረጋል፣ ይሰበስባል። ጋቢውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው ያዞራል፤ መልሶ ያዞራል።

«አያ ቢያድግ፣ ቁንጫህን እቤትህ ትተህ ብትመጣ ምን አለበት?» ትለዋለች አጠገቡ የምትቀመጠው ጠላ ሻጯ ዘርፌ።

«ቁንጫውስ ካንቺ ቤት የመጣ ነው።»

ዘጠኝ ሆነው ነው የሚማሩት፤ ሁሉም ልጅ የዳሩ ጎልማሶች ናቸው። መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ከደሴ ወደ ከሚሴ ሲዛወሩ በአማርኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ በጨርቅ ጠቅልለው መጡና፣ «ዕድሜ ልካችሁን በጆሯችሁ የሰማችሁትን አሁን በዓይናችሁ እዩት» ብለው ሰበሰቧቸው። ቢያድግልኝ ሀምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ከሀ ጀመረ። ሁለት ዓመት ፈጀበት እንጂ ዛሬ ፊደሉን እንደ አውሬ ዱካ አንድ በአንድ እየተከተለ ከመጨረሻው ይደርሳል።

በጥቅምት ወር በአንዱ እሁድ መሪጌታ የዕለቱን ትምህርት አስተምረው ሲጨርሱ፣ እንደ ልማዳቸው ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦ እርሱ አዳኝ ነው።

«ቢያድግልኝ፣ አንብብልን።»

ተነሣ። ጣቱን ወደ ሰሌዳው ቀስሮ «እርሱ» አለ፤ ትንሽ አረፈ። «አዳኝ» ሲል ግን «ዳ»ን ረገጣት፤ ጠበቀች። ሰው ሁሉ ሲጠራው የኖረበት ስም ነውና ምላሱ ሌላ መንገድ አላወቀም። ጌታን ከርከሮ አዳኝ አደረገው።

«ኧረ በሕግ!» አለች ዘርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ። «አያ ቢያድግ ጌታን ውጅግራ አስያዘው!»

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ሞላ። መሪጌታም ፈገግ አሉ። «ፊደሉ አንድ ነው፤ አትፍረዱበት። «ዳ» ስትጠብቅ አውሬ የሚያሳድድ ነው፤ ስትላላ ነፍስ የሚያተርፍ። ስለ ጌታ ሲሆን ትላላለች።»

ቢያድግልኝ አልተቀመጠም። «ታዲያ ምልክቱ ምንድን ነው? መጥበቅ መላላቷን በምን ልለየው?»

«ምልክት የለውም። ከፊቱና ከኋላው ያለውን አይተህ ነው። ቃል ብቻውን አይነበብም።»

«ለእሱማ ምን ለውጥ አለው!» አለች ዘርፌ ከሳቋ የተረፈውን እንባ እየጠረገች። «ብትጠብቅም እሱው ነው፣ ብትላላም እሱው። ኑርሁሴንን ጠይቁት!»

መሪጌታ ከመጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ይህን አልሰሙምና ኑርሁሴን ማነው ብለው ጠየቁ። ከየአቅጣጫው ነገሯቸው። ኑርሁሴን የጨፋ ገበሬ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከማሽላው ዳር ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው ተኩሶ ጭኑን መታው፤ ቢያድግልኝ በጀርባው አዝሎ ከመኪና መንገድ አደረሰውና ደሴ ሐኪም ቤት ወስዶ አተረፈው። እስከ ዛሬ «አዳኜ» ብሎ እንጂ በስሙ አይጠራውም። ለፋሲካ ፍየል ከነነፍሱ እየጎተተ፣ «በራስህ ሰው አሳርደው» ብሎ ያስረክበዋል።

መሪጌታ ደስ አላቸው። «በሚመጣው እሁድ የምንማረው ወንበዴ ደብድቦ የጣለውን መንገደኛ ስላነሣው ሰው ነው። ኑርሁሴንን እናስጠራውና ሁለታችሁ ትነግሩናላችሁ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?»

ቢያድግልኝ ተቀመጠ። ትምህርቱ እስኪያልቅ እግሩን አላንቀሳቀሰም፤ ዘርፌ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

ጥይቱ በተተኮሰበት በዚያ ዓመት ኑርሁሴን ማሽላውን ከርከሮ ፈጀበትና ቢያድግልኝን ጠራው፤ በእርሻው ላይኛው ጫፍ አስቀመጠውና ሄደ። ቢያድግልኝ ግን አዲስ ዱካ አየ። ለማንም ሳይናገር ዱካውን ተከትሎ ወደ ታች፣ ወደ ሸምበቆው ወረደ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሸምበቆው ተወዛወዘ። ተኮሰ። ሮጦ ሲደርስ የጠፋች ጥጃውን ፍለጋ የገባው ኑርሁሴን ጭኑን ይዞ ወድቋል። ቢያድግልኝ አፉን ሊከፍት ሲል ኑርሁሴን ቀደመው።

«አብዶ ነው! አብዶ ገደለኝ!»

አብዶ የአጎቱ ልጅ ነው፤ በድንበር ይካሰሱ ነበር። ቢያድግልኝ የከፈተውን አፍ ዘጋው። ቁስሉን በመቀነቱ አስሮ ሰውየውን አዘለው። ደሴ ስንደርስ እነግረዋለሁ አለ። ሲድን እነግረዋለሁ አለ። ከዚያ አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠና እያንዳንዱ ሰው በአደባባይ የት እንደዋለ ተጠየቀ። አብዶ ቁርዓን ይዞ ማለ፤ የሚያምነው አጣ። ቢያድግልኝን ማንም አላስማለው፤ ቁስለኛ ያዘለ ሰው ምን ብሎ ይማላል? «ከየት ሆነህ ሰማህ?» ብቻ አሉት። «ከላይኛው ጫፍ» አለ። ሁለት ቃል።

አንድ ጊዜ፣ ዛሬ በሕይወት ለሌሉት ለነፍስ አባቱ፣ «አባ፣ ስቻለሁ» ብሏቸው ነበር። «ሰው ሆኖ የማይስት ማን አለ» ብለው ስግደት ሰጡት። ምን እንደሳተ አልጠየቁም፤ እሱም አልጨመረላቸውም። ስግደቱን ሰገደ፤ ነገሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ያ ሳምንት አላስቀምጥ አለው። ውጅግራ ጠመንጃውን ፈታ፣ ወለወለ፣ ገጠመ፤ በማግሥቱ እንደገና ፈታ። ደኅና የቆመውን አጥር ነቅሎ አዲስ ማጠር ጀመረና ግማሹ ላይ ተወው። ሚስቱ፣ «ምን ነካህ? ከብቱ እኮ በክፍቱ ገብቶ ጓሮውን ጨረሰው» ብትለው፣ «ጨው አልቋል አላልሽም?» ብሎ ለገበያ ወደ ጨፋ ሮቢት ተነሣ። ጨው ከሚሴም ሞልቷል፤ ኑርሁሴን ያለው ግን ሮቢት ነው።

ኑርሁሴን የበሬ ዋጋ ሲያስማማ ከሩቅ አየው።

«አዳኜ!» አለ፤ «ዳ»ን አላልቶ፣ ሰው እስኪዞር ጮክ ብሎ። «መሪጌታችሁ ልኮብኛል። እመጣለሁ፤ ሚስቴ ዘይቱና ኩፍያዬን አጥባልኛለች። ወላሂ ሁሉንም አስለቅሳቸዋለሁ!»

«ኑርሁሴን፣ አንድ ነገር…»

«አብሽር! መናገር እንደምትፈራ አውቃለሁ። የጥይቱን እኔ፣ የማዘሉን አንተ። ተካፈልን።»

በዚህ መሀል አብዶ ሁለት ፍየል እየነዳ በአጠገባቸው አለፈ። ኑርሁሴን ፊቱን አዙሮ ምራቁን ጢቅ አደረገ። አብዶ የለመደው ነውና ቀና አላለም፤ ቢያድግልኝን ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደኅና ዋልክ?» አለው። ቢያድግልኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አቃተው። ዘወር ብሎ ሄደ፤ ከቤቱ ሲደርስ ጨውም አልገዛም።

እሁድ ደረሰ። ኑርሁሴን ነጭ ኩፍያውን ደፍቶ፣ ምርኩዙን ተደግፎ እያነከሰ መጣና ከደጀ ሰላሙ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ኑርሁሴን፣ አንተም ፊደል ልትቆጥር ነው?» አለችው ዘርፌ።

«እኔማ አሊፍ ባዬን በልጅነቴ ጨርሻለሁ። በእርጅና ሀ ሁ የምትሉ እናንተ ናችሁ።»

ሳቁ። መሪጌታ የመንገደኛውን ታሪክ ካነበቡ በኋላ ጠመኔያቸውን አንሥተው ጻፉ፦ ለኑርሁሴን ቢያድግልኝ አዳኝ ነው።

«እስቲ» አሉት፣ «ያለፈውን ዛሬ አቃናውና ከዚያ ትነግሩናላችሁ።»

ቢያድግልኝ ተነሣ። ጋቢውን አላዞረም። «ለኑርሁሴን» አለ። «ቢያድግልኝ» አለ። ከዚያ «አዳኝ» ሲል «ዳ»ን አጠበቃት።

«አላላት እንጂ!» አለች ዘርፌ።

«አላላት» አሉ መሪጌታም።

«አትላላም፣ መሪጌታ። ስለ ጌታ ሲሆን ትላላለች ብለውኛል። ስለ እኔ ሲሆን ትጠብቃለች። ከፊቱ ያለውን እይ አላሉኝም? ከማዘሌ በፊት ያለውን ማንም አላየም።» ወደ ደፉ ዞረ። «ኑርሁሴን፣ እኔ ነኝ የተኮስኩት። ከላይኛው ጫፍ አልነበርኩም።»

ዘርፌ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ዛሬ ለሳቅ አልነበረም። ኑርሁሴን ማንበብ የማይችለውን ፊደል አተኩሮ ያይ ጀመር።

«አይተኸኝ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አላየሁህም። ሸምበቆው ሲወዛወዝ ከርከሮ መሰልከኝ።»

«ከርከሮ» አለ ኑርሁሴን ቀስ ብሎ። «ከስንቱ አውሬ ለእኔ ከርከሮ? ድኩላ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ማንም አልሳቀም። እሱም ለሳቅ አላለውም።

«አጎቴ ሲሞት» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ፣ «አብዶ ቃሬዛውን ሊሸከም መጣ። እጁን ከእንጨቱ ላይ ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ። የገዛ አባቱን ነው እኮ! ጀናዛውን ከኋላ ከኋላ፣ እንደ መንገደኛ ተከተለ።»

«ጠመንጃዬን ውሰድ» አለ ቢያድግልኝ። «ወደ ዳኛ ብትወስደኝም…»

«ጠመንጃህን ምን ላደርገው? ምን ላድንበት?» ኑርሁሴን ምርኩዙን ተክሎ ተነሣ። «የእኔን እግር ተወው። የአብዶን መሐላ መልስለት። ቅደም… አይ፣ እኔ ልቅደም። ፊትህን እያየሁ መሄድ አልችልም።»

ቢያድግልኝ ደፉን ሊያሻግረው ክንዱን ዘረጋ።

«አትንካኝ! አንድ ጊዜ አዝለኸኛል፤ ይበቃል።»

መሪጌታ ጠመኔውን እንደያዙ ቀሩ። ቢያድግልኝ ኑርሁሴንን ተከትሎ ሲወጣ፣ ዘርፌ «እግዚኦ» ስትል ከኋላው ሰማት።

ከከሚሴ እስከ አብዶ ቤት ለቢያድግልኝ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በኑርሁሴን እግር ሁለት ሰዓት ፈጀ። ቢያድግልኝ ሁልጊዜ ከጎኑ ወይም ከፊቱ ሆኖ ነበር የሄደው፤ ያንን እግር ከኋላ ሆኖ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ደኅናው ይራመዳል፣ ምርኩዙ ይከተላል፣ ከዚያ የተመታው አፈር እየጫረ ይጎተታል። አቋርጦ ሊያልፍ፣ ሊሮጥ፣ ቀድሞ ደርሶ ሊገላገል ቃጣው። አልቻለም፤ ያች የተጎተተች እግር በማሽላው መካከል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ቀድማዋለች። እርምጃውን አሳጠረ። እንደገና አሳጠረ። ኑርሁሴን አንድ ጊዜም ዞሮ አላየውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብሎ ላቡን በኩፍያው ጠረገ፤ ሲቆም ቢያድግልኝም ከኋላው ቆመ።

ከአብዶ አጥር ሲደርሱ ከውስጥ እንጨት ሲፈለጥ ይሰማል። ኑርሁሴን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ አብዶ!» አለ። «ጅርታ? አለህ ወይ?»

መጥረቢያው ቀጥ አለ። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ደጅ ያልተሰማ ድምፅ ነውና ሰውየው ጆሮውን አላመነም መሰል፣ ብዙ ቆይቶ፣ «ማነው?» አለ።

ኑርሁሴን ከመንገዱ ፈቀቅ አለና በሩን ለቢያድግልኝ ለቀቀለት።

«ቢያድግልኝ ነኝ።»

«የቱ ቢያድግልኝ?»

«አዳኙ» አለ፤ «ዳ»ን አጠበቃት።

የመዝጊያው መወርወሪያ ሲነሣ ተሰማ።