የቨርና ግራ አውራ ጣት

ሃርላን ግትር ነው። ሞንታና ውስጥ ግትር ያልሆነ ሽማግሌ ማግኘት ከባድ ቢሆንም የእሱ ግን ለጉድ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐኪሙም «ከቤት ንቅንቅ እንዳትል» ብሎት ሳለ፣ ሚስቱን ቨርናን ፒካፑ ላይ አሳፍሮ የጦር መሣሪያ ባዛር ይዟት መጣ። ለሽጉጧ የጥይት ካዝና ሊገዛ ነው።

«ያሉት ካዝናዎች ምን ሆኑና?» አለችው መንገድ ላይ።

«አርጅተዋል።»

«አንተም አርጅተሃል። ልቀይርህ?»

ሃርላን ሳቀ እንጂ እውነቱን አልነገራትም። ቨርና ቅዳሜ ቅዳሜ ከክበቡ ሴቶች ጋር ዒላማ ትተኩሳለች፤ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያቺኑ ቀን ነው። ቀኝ አውራ ጣቷን ግን ቁርጥማት ገድሎታል። ካዝና ሲሞላ ስፕሪንጉን ወደ ታች የሚስቡበት ጉጥ ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሞላላት ሃርላን ነው። ከሆስፒታል ባይመለስስ? ቨርና ሰው ከምትለምን ብትሞት ይሻላታል፤ ሽጉጡን ቆልፋ ቤቷ ትቀመጣለች። ጉጡ በግራ የሆነ፣ ሽጉጧም የሚቀበለው ካዝና ሳያገኝላት ሆስፒታል አይገባም፤ በቃ።

በሩ ላይ ጠባቂው ይዘውት የመጡት ሽጉጥ ባዶ መሆኑን አየና፣ እንደ ደንቡ፣ በካዝናው ማስገቢያ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሳልፎ ጠፍሮ አሰረው። ከዚህ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ ካዝና ከትቶ መሞከር የለም። የሚገዛ ሰው ዓይኑን ማመን ነው።

ጎረቤታቸው ዴልበርት ካዝና ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ኋላ ቡናውን ይዞ ተቀምጧል። ሃርላን ጉጡ በግራ የሆነ አንድ ካዝና አነሳ።

«እሱ ለአዲሱ ሞዴል የተሠራ ነው» አለ ዴልበርት፤ «የቨርና ሽጉጥ የድሮው ነው።»

«ያው ፋብሪካ፣ ያው ጥይት! እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ስትመለስ እዚሁ ነኝ።»

ሃርላን ከፍሎ ወጣ። ፒካፑ ውስጥ ማሰሪያውን ቆርጦ ካዝናውን ከተተው። ገባ። ፊቱ በራ። ሲለቀው ግን ካዝናው ሳይያዝ ተንሸራቶ ቨርና ጭን ላይ ዱብ አለ።

«እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለችው ቨርና፤ በሳቅ ፈረሰች። እሱ እያጉረመረመ ተመለሰ።

ዴልበርት አንጀቱ እስኪቆስል ሳቀበት፤ ሲበቃው ለድሮው ሽጉጥ የተሠራ ካዝና ከካርቶን አወጣና ጉጡን ነቅሎ ወደ ግራ አዞረለት። ይሄኛው ፒካፑ ውስጥ ሲሞከር ሽጉጡ ውስጥ ገብቶ ቀጭ ብሎ ያዘ። ሃርላን መልሶ አወጣውና ከጥይት ፓኮ ጋር ሰጣት።

«በይ ሙዪ።»

ቨርና ሞከረች። «አልቻልኩም።»

«እስቲ እንደገና።»

«አልቻልኩም አልኩህ እኮ!»

ሃርላን ጎንበስ ብሎ ግራ አውራ ጣቷን አየ። ጣቷ ጉጡ ላይ ተቀምጧል እንጂ ምንም አይስብም።

«ቨርና፣ እየሳብሽ አይደለም።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ሞኝ መሰልኩህ? ሁሉን ነገር አሰናድተህልኝ ልትሞት ነው። እኔ ካልቻልኩ ግን ጥለኸኝ አትሄድም።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አልሞትም ብዬ ልዋሽሽ?»

«ዋሸኝ!»

«አልችልበትም። ግን ስሚኝ፤ እኔ ሄጄ ቅዳሜ አንቺ ቤት ተቀምጠሽ ሲታየኝ ዕረፍት የለኝም። ስለምወድሽ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ሌላ ምን ልበልሽ?»

ቨርና በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ጉጡን በግራ አውራ ጣቷ ሳበችው፤ እሺ ብሎ ወረደላት። ጥይቱን አንድ በአንድ ከተተች። ካዝናው አሥር ይይዛል፤ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሃርላን የመጨረሻዋን ሊጨምር እጁን ሲሰድ መታችው።

«ዛሬ አይደለም። ይቺን ከሆስፒታል ስትመለስ አንተ ትጨምራታለህ።»

«ካልተመለስኩስ?»

ቨርና ካዝናውን በመዳፏ ጨብጣዋለች።

«ያኔማ በዘጠኙ እተኩሳለኋ» አለችው።

ሃርላን መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷም እስኪወጣለት ድረስ ጀርባውን አሻሸችው።