ከጅረቱ ማዶ ያለችው ቤት

«ሃያ ዘጠኝ» አለች ከወረዳ የመጣችው ትርሲት፣ ወረቀቷን ደግማ እየቆጠረች። «የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈረው ሠላሳ ቤት ላለው ጎጥ ነው። አንድ ጎደላችሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ ቤት ለቤት እየመራ ያስቆጠራት ክንዱ ክው አለ። ዋንዛ ጎጥ በቡሬና በሽንዲ መካከል ያለች፣ ካርታ የማያውቃት መንደር ናት። ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው ከአንድ ጅረት ነው። በዚህ ክረምት ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ሞተዋል፤ አንዷ የክንዱ የልጅ ልጅ ነበረች።

«ያቺስ ቤት?» ትርሲት ከጅረቱ ማዶ አመለከተች። «ባለቤቷ ከዚህ ጎጥ ነኝ ካለች እጽፋታለሁ።»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ቤቲቱ የገላነሽ ናት። ከአራት ዓመት በፊት የወል ግጦሹ ሲከለል «የኛ ጎጥ ጅረቱ ላይ ያበቃል» ብሎ የመሰከረው ራሱ ክንዱ ነው። እውነቱን ለመናገር ጎጡ እዚያ ያበቃው ሣሩ ስላነሰ ነው። ከዚያ ወዲህ የገላነሽ ጊደሮች ደጇ ላይ ታስረው ይውላሉ፤ እሷም ከሩቅ ሣር አጭዳ በጀርባዋ እያመጣች ትመግባቸዋለች።

ክንዱ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረ። ገላነሽ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ክንዱ? ምነው አገር አቋርጠው መጡ?»

«እግዜር ይመስገን። ለቆጠራው ነው፣ ገላነሽ። የዋንዛ ጎጥ ሰው ነኝ በይልኝ።»

«እኔ ልበል? ጎጡን የሚዘረጉትም የሚያጥፉትም እርስዎ አይደሉ?»

ክንዱ አፈረ። በድዬሻለሁ ሊላት ፈለገ፤ አፉ ግን እሺ አላለውም።

«ቁጥር ሲጎድል ሰው ነኝ» አለች ገላነሽ። «ሣር ሲጎድልስ?»

ክንዱ ጎንበስ ብሎ የሁለቱን ጊደሮች ገመድ ፈታና እየነዳ ወደ ጅረቱ ወረደ። ልጁ ወንዳወቅ ከማዶ ሆኖ ይህን ሲያይ ጮኸ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሣሩ ለኛም አልበቃ!»

ክንዱ ጊደሮቹን አሻግሮ ወደ ግጦሹ መለሳቸው።

«ካልበቃ የኔዋን ላም አውጣት» አለው።