‹ለ› የሌለው ደብዳቤ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ የንጉሡ መድፍና ሠረገላ በሚሠራበት ዘመን፣ ደብተራ አስረስ የሄንሪ አስተርጓሚ ነበረ። ሄንሪ የሠረገላ መንኮራኩር የሚሠራ እንግሊዛዊ አናጢ ነው። አስረስ ቅኔ ቤት አሥር ዓመት የከረመ ሰው ስለሆነ ቋንቋ አይከብደውም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የእንግሊዝን ፊደል ለይቶ አጭር አጭር ነገር መጻፍ ጀምሮ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሄንሪ እንጨት ሊያስቆርጥ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ አንበሳሜ ወረደ። ከሠራተኞቹ አንዱ የአስረስ እኅት የፈንታነሽ ባል ደምሴ ነው። አስረስ ግን በደብሩ የሚያገለግልበት ሳምንት ስለነበረ ቀረ።

እነሱ በሄዱ በአምስተኛው ቀን ፈንታነሽ ሴት ልጅ ወለደች። ልጂቱ ደህና ነበረች፤ እናቲቱን ግን ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። ውሃ እንኳ አልወርድ ሲላት እናታቸው እመት ዘነበች አስረስን ጠሩት። ባሏ ሳያያት አንድ ነገር ብትሆን ለምን አልነገራችሁኝም ይለናል፣ ጻፍለት አሉት። ያለ ሄንሪ ፈቃድ ከሠራተኞቹ ማንም ንቅንቅ አይልምና መጻፍ ያለበት ለሄንሪ ነበር።

አስረስ ብዕሩን ቀርጾ ተቀመጠ። ሊል የፈለገው «ደምሴን ለፈንታነሽ ላክላት» ነው። ላክ «ሴንድ» እንደሚባል ያውቃል። ‹ለ›ንም እንግሊዞች «ቱ» እንደሚሏት ሰምቷል። ነገር ግን ሄንሪ ውሃ ሲጠማው በየቀኑ የሚለው «ጊቭ ሚ ዋተር» ነው። ውሃ ስጠኝ ማለቱ ነው፤ ቱ የምትባል ነገር ጨምሮ አያውቅም። እንግዲያስ አታስፈልግም ብሎ ተዋት። «ሴንድ ደምሴ ፈንታነሽ» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ ስሙን አኖረና ወደ አንበሳሜ ገበያ ለሚወርድ የጨው ነጋዴ አስያዘው። ለፈረንጁ ዘበኛ ስጠው ከማለት በቀር ለነጋዴው ምንም አልነገረውም።

በአራተኛው ቀን ሙላቴ የሚባለው የሄንሪ ዘበኛ ኮርቻ ያላት ባዶ በቅሎ እየሳበ ደጃፋቸው ቆመ። ደምሴ አብሮት የለም። ፈንታነሽን ወደ ባሏ እንዳደርስ ታዝዤ ነው የመጣሁት አለ።

እመት ዘነበች የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ገና ቀና ብላ መቀመጥ ያልቻለችን አራስ አንድ ቀን ተኩል መንገድ በበቅሎ ውሰድ ያለህ ማነው ብለው ጠየቁት። ሙላቴም ፈረንጁ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አለ።

ፈንታነሽ ከመደቡ ላይ ሆና ትሰማ ነበር።

«ደምሴ ነው ያስጠራኝ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

ሙላቴም፣ ደምሴ ጫካ ውስጥ ስለነበረ አላገኘሁትም ብሎ መለሰላት። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አስረስ ደጅ ወጥቶ የጻፈውን በቃሉ ደጋገመው። ሴንድ፣ ላክ ነው። ደምሴ ደምሴ ነው፣ ፈንታነሽም ፈንታነሽ ናት። የተማሪን ቅኔ አንድ ጊዜ ሰምቶ ስሕተቱን የሚነቅስ ሰው በሦስት ቃል ውስጥ ያጠፋውን ማግኘት አቃተው። በመጨረሻ በቅሎይቱ ላይ ራሱ ተቀመጠና ከሙላቴ ጋር ወደ አንበሳሜ ወረደ።

ሄንሪ ሲያየው ሴትዮዋስ የት አለች አለው። አስረስም ደምሴስ የት አለ አለ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ይጠያየቃሉ እንጂ የሚመልስ አልነበረም። ኋላ ሄንሪ ከሰል አነሣና በተፈለጠ ሳንቃ ላይ ሦስቱን ቃላት ጻፋቸው። ‹ቱ› ከሌለች ፊት የሚጠራው ተቀባዩ ነው፣ ኋላ የሚመጣው ደግሞ የሚላከው፤ ስለዚህ ያልኸኝ ፈንታነሽን ለደምሴ ላካት ነው አለው። ቀጥሎ በሁለቱ ስሞች መካከል ‹ቱ›ን ጨመረ። አሁን የሚላከው ደምሴ ሆነ።

አስረስ ሳንቃውን ትኩር ብሎ አየው። ስሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ነገሩ ግን ተገልብጧል።

«ይህን ማን ደነገገው?» አለ።

ሄንሪ ራሱን አከከ። እሱም እስከዚያች ቀን ልብ ብሎት አያውቅም ነበር።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምትናገረው» አለ።

ደምሴ ከጫካ ተጠርቶ ነገሩን ሲሰማ ልብሱ ላይ የተነሰነሰውን የእንጨት ብናኝ እንኳ ሳያራግፍ በቅሎይቱ ላይ ወጣ። የሄንሪ ሥራ በአንድ ሰው እንዳይጎድል አስረስ የመጋዙን አንድ ጫፍ ያዘ። መጋዝ ነክቶ አያውቅም፤ በሁለተኛው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጠረ። እየሳበ የ‹ቱ›ን ነገር ሲያውጠነጥን ምቱ ይጠፋበታል፣ ወዲያ ጫፍ ያለው ሰውዬም ይነጫነጭበታል።

በስምንተኛው ቀን ወደ ቤት ሲመለስ ፈንታነሽን ትኩሳቱ ለቋት፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አገኛት። ደምሴ አጥሚት እያቀረበላት ነው። አስረስ አጠገቧ ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«እንግዲያ ደምሴ አላስጠራኝም?» አለችው።

«አላስጠራሽም።»

«አንተም እኔ ልላክለት ብለህ አልጻፍህም?»

«አልጻፍሁም። ማለቴ… ጽፌያለሁ፤ ግን አላልሁም።»

ፈንታነሽ አንዴ ወንድሟን፣ አንዴ ባሏን አየች። ደምሴ እኔም አልገባኝም ለማለት ትከሻውን ነቀነቀ። አስረስ ከመጀመሪያው ሊጀምርላት ሁለት ጣቶቹን ዘረጋ፣ ይሄ አንቺ ነሽ፣ ይሄ ደምሴ ነው አላት። የትኛው ጣት ፊት መሆን እንዳለበት ሲያስብ ልጂቱ አለቀሰች፤ ፈንታነሽም ልታጠባት ዞር አለች።