የአምባ ጊዮርጊስ ስንዴ

ለተ ማርያም ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከጭነት ማኪናው ወርዳ የነጠላዋን አቧራ አራገፈች። ጎንደር ፒያሳ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። የስንዴ ዋጋ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ ዳቦዋን ብታሳንስ ደንበኞቿ አኮረፉ፣ ዋጋ ብትጨምር ጥለዋት ሄዱ። እህል የሚሸጥላት ነጋዴ አቶ ወልደኢየሱስ፣ "ወገራን ውርጭ መታው፤ ምን ላድርግ?" ብሏት ነበር። እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ያየችው የእህል ክምር ነው።

ገበያው ዳር ስንዴ የጫኑ አራት አህዮች የሚነዱ ሽማግሌ አገኘች። አያ ዋኘው ይባላሉ።

"አያ፣ ውርጭ ጎዳችሁ አሉ።"

"የምን ውርጭ? ዘንድሮስ ሸጋ ነው የሰጠን።"

"ታዲያ ምነው ጎንደር እንዲህ ተወደደ?"

ሽማግሌው በአገጫቸው አንድ ቆርቆሮ ቤት አመለከቱ። "ያ መጋዘን እስከ ጣራው ሞልቷል። ማኪና ያላቸው ሦስት ነጋዴዎች ተስማምተው እህላችንን ይገዙናል። የሚከፍሉን የአምናውን ዋጋ ነው፤ ሌላ ገዢ የለ። የሚያወጡት እናንተ ሲቸግራችሁ ነው።"

ለተ ማርያም ንዴቷን ዋጥ አደረገች። "እነሱ ከሚከፍሉዎት በየቁናው ስሙኒ እጨምራለሁ። ማኪኖቹ የእነሱ ናቸው፤ ጎንደር ድረስ በአህዮችዎ ያውርዱልኝ።"

አያ ዋኘው አህዮቻቸውን ተመለከቱ። የሁለት ቀን መንገድ ነው። ነጋዴዎቹ ከተቀየሟቸው ደግሞ የቀረውን እህል ማን ይገዛቸዋል? ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ የመጋዘኑ ጠባቂ ሰምቶ መጣ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የጌታዬ የአቶ ወልደኢየሱስ ደንበኛ አይደለሽም? ጎንደር ሱቁ ውስጥ አይቼሻለሁ። ይህን ከገዛሽ ሱቁ ደጃፍ አትደርሺም።"

"ውርጭ መታው ያለኝን እህል እዚህ ቆልፎበታል ማለት ነዋ" አለች ረጋ ብላ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አያ፣ የሚያሳስብዎት የቀረው ከሆነ፣ እሱንም እንወስደዋለን። ሰፈራችን ውስጥ ጋጋሪውም ጠማቂውም እህል ፈላጊ ነው።"

አያ ዋኘው ጠባቂውን አዩት፤ እሷን አዩ። ከዚያ የፊተኛዋን አህያ ወደ ጎንደር መንገድ መለሷት።

የማኪናው ሹፌር ከወዲያ ማዶ ተጣራ። "ልመለስ ነው፤ ቦታ ይዤልሻለሁ።"

"አንተ ሂድ" አለችው። "ከነገ ወዲያ ስንዴ ይዤ እደርሳለሁ፤ ቤት ላሉት ምድጃውን አዘጋጁ በልልኝ።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከአህዮቹ ኋላ መንገድ ጀመረች።