ጥቁር ጠርዝ ያለው ፖስታ

«ለደብዳቤ የሚሆን ወረቀትና ፖስታ ፈልጌ ነበር» ስለው ባለሱቁ ፈገግ አለና ከባንኮኒው ሥር አንድ እሽግ አወጣ። ሮዝ ወረቀት ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ አበባ የታተመበት፣ ገና ሳይከፈት ሽቶ ሽቶ የሚል።

«በየወረዳው ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ በዚህ ሆኗል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አይዞሽ፣ ለማንም አልናገር። የት ነው ያለው? ደጀን?»

ደብተር ሊገዙ ከኋላዬ ከቆሙት ሁለት ሴቶች አንደኛዋ ሳቀች። ወረቀቱን ተቀብዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ልማዴ ነው፤ የተሳሳተን ሰው ከማረም የተሳሳተውን ዕቃ ይዞ መሄድ ይቀለኛል። ግን ይህ አበባ እማማ ሥራነሽ ቤት ሲገባ ታየኝ።

«ለለቅሶ ነው» አልኩት።

«በሞትኩት!» ባለሱቁ እሽጉን ከፊቴ ጠርጎ አነሳው። «ይቅር በይኝ እህቴ።» ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደ። ውስጡ ወፍራም፣ መስመር የሌለው ነጭ ወረቀት ነበር፤ ፖስታዎቹ ደግሞ ዙሪያቸውን ቀጭን ጥቁር ጠርዝ አላቸው። «ይሄ ለኀዘን ተብሎ የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

አወቅኩት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያነበብኩት አንድ የደብዳቤ ሥርዓት መጽሐፍ፣ ኀዘንተኛ የሚጻፍለት በእንዲህ ያለው ነው ይላል። ቢያንስ አንድ ነገር በትክክል ላደርግ ነው ብዬ ወረቀቱንና ሁለት ፖስታ ገዛሁ።

እማማ ሥራነሽ ሁለተኛ ደረጃ እስክጨርስ ደብረ ወርቅ ቤታቸው ያኖሩኝ ሴት ናቸው። ከልጃቸው ከጤናዬ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። ማረፋቸውን ደብረ ማርቆስ ሆኜ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነበር፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። በሰማሁ ማግስት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ለቅሶ ቤት ሰው ሲገባ ሁሉም ዞሮ ያየዋል፤ የገባው ሰውም ከደጅ ጀምሮ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አለበት። እኔ ሰው ፊት ድምፅ አይወጣኝም። አያቴ የሞቱ ቀን እንኳ አልወጣኝም፤ «ልቧ ድንጋይ ነው» ያሉትን ዘመዶች ዛሬም አውቃቸዋለሁ። ዘግይቼ፣ ያውም ደረቅ ዓይን ይዤ ብደርስ ጤናዬ ምን ትለኛለች? የቀረችኝ እህት እሷ ናት።

ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ጽሑፌ ወደ ታች እያዘነበለ ሲያስቸግረኝ የደብተር ቅጠል ከሥሩ አነጠፍኩ። ሰማያዊውን እስክሪብቶ ትቼ ጥቁሩን ያዝኩ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን የተለመደውን መግቢያ ጽፌ ቀደድኩት፤ እናቷን ለቀበረች ሰው ደህና ነኝ ምን ይሉታል? በመጨረሻ «እማማ ራት ሲያቀርቡ ከአንቺ እኩል ያደርጉልኝ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው አላስቸገረኝም።

ጠዋት ወደ ደብረ ወርቅ ለሚሄደው ለመምህር አንለይ መናኸሪያ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። ቤት ስመለስ አብራኝ የምትኖረው ዜማ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር፤ የተረፈውን ፖስታ እያየች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ሌላ ማንም አልሞተም። የተረፈኝ ነው።»

«ኧረ እግዚአብሔር ይይልሽ! ልቤን አቆምሽው እኮ!»

ያን ጊዜ የጤናዬ ወንድም አበባው ትዝ አለኝ። ለሰሊጥ ሥራ መተማ ከሄደ በኋላ ስልክ ጠፍቶ ወሬው አልተሰማም። ያ ቤት በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ቤት ነው። ከከተማ የመጣ ሰው ዙሪያው የጠቆረ ወረቀት ይዞ ቢገባ ማን ከፍቶ ያነብበዋል? ገና ሲያዩት የአበባው መርዶ ነው ብለው መሬት ላይ ይወድቃሉ። ደውዬ አልነግራቸው፣ ስልክ የለም።

ነጠላዬን እንኳ በትክክል ሳልለብስ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የደብረ ወርቅ መንገደኛ ደጀን ላይ መኪና ይለውጣል፤ እዚያ ልደርስበት እችል ይሆናል።

«የደጀኑ ወጣ?»

«ወጥቷል። ግቢ፣ ይሄም ሊሞላ ነው» አለኝ ረዳቱ። ሊሞላ ነው ያለው ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነበር። እስኪሞላ ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ገባሁ። አምበር ስንደርስ ደግሞ ሰው አውርዶ ጆንያ ሊጭን ቆመ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ መንገዱን አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ።

«ምነው እህቴ፣ ምጥ ያዘሽ እንዴ?» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን በእፍረት እሰምጥ ነበር።

«ቶሎ በል፣ ሰው ላይ ልደርስ ነው» አልኩት። ጮክ ብዬ መናገሬን ያወቅኩት ሳቁ ሲቆም ነው።

ደጀን የደብረ ወርቁ መኪና ገና አልሞላም። መምህር አንለይ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አየሁት። ፖስታው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል፤ ጥቁሩ ጠርዝ ከሩቅ ይታያል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሰጥተሽኝ ነው?» አለኝ ገና ሳልቀርበው። «ከተሳፈርኩ ጀምሮ ያየኝ ሁሉ ‹ማንን ልታረዳ ነው?› ይለኛል። አንዲት ባልቴት ጭራሽ ወንበር ቀየሩብኝ። ኪሴ ውስጥ እንዳልደብቀው ይተጣጠፋል፣ አደራ ነው።»

«መልስልኝ ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መለሰልኝ። እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ። ወደ ማርቆስ የሚመለሰው መኪና ረዳት ከማዶ ይጣራል፤ ፖስታ ቀይሬ ሌላ ሰው ፈልጌ ልልከው እችል ነበር።

«ደብረ ወርቅ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ የዚህኛው ረዳት አጠገቤ መጣ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩና ገባሁ።

ጤናዬ ደጅ ላይ እህል አስጥታ አገኘኋት። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። ላለቅስ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም።

«ቆየሽ» አለችኝ።

«ቆየሁ።»

እጄን ይዛ አስገባችኝና እማማ ይቀመጡበት ከነበረው መደብ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች ዞረው አዩኝ፤ ጤናዬ ግን እጄን አልለቀቀችም። ሰዎቹ ሲወጡ ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ፖስታውን ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። እስከ እሑድ እዚያው ቆየሁ።