የአቶ ተሰማ መኪና ሬዲዮ መድከም

አቶ ተሰማ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሳሎኑ መሀል ቆሙና የመኪናቸው ሬዲዮ መድከሙን ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቁ።

ቤተሰቡ ማለት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበትና ልጃቸው ትሕትና ናቸው። ሁለቱም መርዶ እንደሰማ ሰው አንገታቸውን ደፉ።

«ብዙ አገልግሏል» አሉ አቶ ተሰማ። «መለወጥ ግን አይለወጥም፤ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው። አብነት ሰፈር አንድ የመኪና ሬዲዮ ባለሙያ አለ አሉ፤ አምፕሊፋየር የሚሉትን ድምፅ ማጉያ ይጨምርለታል።»

«ይጨምርለት!» አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ጮክ ብለው።

ከሬዲዮው በፊት የደከመው ቴሌቪዥኑ ነበር። ቀጥሎ ስልኩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው በሙሉ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ፤ አቶ ተሰማ እንደሚሉት ይህን ያመጣው የኑሮ ውድነት ነው፣ ሰው መናገሪያ ጉልበት አጣ። በቤቱ ውስጥ «ጆሮ» የሚባል ቃል ከተነሳ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ነገሩ በቴሌቪዥንና በስልክ ቢያበቃ ትሕትና ግድ አልነበራትም። ባለፈው ወር የልደታ ዕለት ግን አባቷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያቆሟትን መኪና ወደ ኋላ ሲያስወጡ፣ ከኋላ ልጇን ያዘለች ጧፍ ሻጭ ቆማ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ። አንድ ሚኒባስ ክላክሱን አልለቅ አለ። ትሕትና ራሷ መንገድ ዳር ሆና «አባዬ! አባዬ!» አለች። መኪናዋ አልቆመችም። ሴትዮዋ ለጥቂት ዘልላ አመለጠች፤ ጧፏ ጎማው ሥር ቀረ።

«ሰው መኪና ሲመጣበት አይናገርም እንዴ?» ነበር ያሉት አቶ ተሰማ፣ ጧፉን እየለቀሙ።

ያን ዕለት ወይዘሮ ወለተሰንበት ልጃቸውን ጓዳ ጠሯት። «ቁልፉን ተቀበዪው። እኔ ካልኩት አኩርፎ ትራሱ ሥር ይደብቀዋል። መንጃ ፈቃድ አለሽ አይደል? አንቺ ንጂ።»

«እሺ» አለች ትሕትና። ካለች አራት ሳምንቷ ነው። አንዴ ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቷ «ምን?» አሏት፣ «ምሳ ደርሷል» አለች።

ሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ አብነት ወረዱ። ዛሬ መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር፤ መንገዱ አጠረባት።

ባለሙያው በከር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና በተከፈተው በር እጁን ሰዶ ሬዲዮውን ከፈተ። ሰፈሩ በዜና ተሞላ። ከጎኑ ባለው ሱቅ የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ሙሌ መርፌውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ይሄ ደክሞ ከሆነ እኛ ቀብራችን ተፈጽሟል!»

በከር በዓይኑ ዝም አሰኘው። ከዚያ ትሕትናን አያት። ትሕትና መሬት መሬት አየች።

«ደክሟል ጋሼ!» አለ በከር። «በጣም ደክሟል። ዕድሜም እኮ አለ።»

«አላልኩሽም?» አሉ አቶ ተሰማ ለልጃቸው።

ሥራው ረጅም ነበር። የፋብሪካው ሬዲዮ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ ስለሌለው በከር ድምፁን ከኋላ ስፒከሮቹ ገመድ ላይ ጠለፈ። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ሳበ፤ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባ። አምፕሊፋየሩን ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጠ። የቀረው ኔጌቲቩ፣ ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ ነው።

«ይሄ ባዶ ብረት ይፈልጋል ጋሼ። እዚህ ጋ ቀለሙን ትንሽ ፋቅ ላድርጋት። አይታይም።»

«ምን?»

«ቀለም! ፋቅ!»

«የመኪናዬ ቀለምማ አይነካም!» አሉ አቶ ተሰማ። «ሃያ ስድስት ዓመት ስይዛት ጭረት የለባትም።»

በቀለም ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ ምን እንደሚያመጣ በከር በደንብ ያውቃል። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ተከራክሮ ማሸነፍ ነውር መሰለው። «እሺ ጋሼ» አለና ከነቀለሙ በብሎን አጠበቀው።

አቶ ተሰማ መሪውን ይዘው ተቀመጡ። ሞተሩን አስነሱ፣ ሬዲዮውን ከፈቱ። አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ ቲማቲም በሽታ በወፍራም ድምፅ ያስረዳል። ከሱ ድምፅ በላይ ግን አንድ ፉጨት ተነሳ፤ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ፣ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አብሮ ወደ ላይ የሚወጣ። ኔጌቲቩ ቀለም ላይ በመታሰሩ ዲናሞው ነው በስፒከሩ የሚያፏጨው። በረንዳው ላይ የተኛ ውሻ ተነስቶ ሄደ።

የአቶ ተሰማ ፊት በራ። «አሁን ገና ሰው ተናገረ! ጥርት ያለ፣ ምንም የማይበርዘው!»

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ!» አለ በከር፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ደስ ብሏቸው ነዳጅ ጨመሩ። ፉጨቱ ሰማይ ደረሰ። የሌሎቹን ደስታ ለማየት መስተዋቱን ቀና አደረጉ።

ሙሌ ሁለት ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቷል። ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት በትከሻዋ አንድ ጆሮዋን ደፍናለች። ትሕትና ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር፤ በመስተዋቱ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ቶሎ አወረደች።

አቶ ተሰማ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሱ። ሬዲዮውን ረጅም ጊዜ አዩት። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን በሩ ላይ ካለው ስፒከር አስጠጉ፤ ከዚያ ሌላኛውን ጆሮ።

«ምን ይላል?» አሉ።

ትሕትና ቀርባ መስኮቱን ያዘች። «ያፏጫል አባዬ።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ሞተሩን አጠፉ። ፉጨቱ ሲቆም ሰዉ ሁሉ ትከሻው ወረደ፤ ያንንም አዩት። በከር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ያቺን ቀለም ብቻ ትንሽ—»

«ፋቀው» አሉ አቶ ተሰማ።

በከር ቢላውን ይዞ ወደ ዕቃ መጫኛው ሄደ። አቶ ተሰማ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ኮፈኑን በእጃቸው እየዳሰሱ በመኪናዋ ፊት ዞሩና በወዲያኛው በር ገብተው ከሹፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጡ። ቀበቶውን ስበው አሰሩ። ቁልፉ መሪው ሥር እንደተሰካ ነበር።